ከደብዳቤ እስከ መቅደላ

በአቃቂና በቃሊቲ የምንኖር ተማሪዎች ከብረት ጋራ ጎረቤቶች ነን። ጧት ወደ ከተማ የሚወስደንን አውቶቡስ ስንጠብቅ ከየፋብሪካው ግቢ የብረት ድምፅ ይሰማናል፤ ብረት ሲቀልጥና ሲቀጠቀጥ ማየት ለሰፈራችን ልጆች ብርቅ አይደለም። ወደ መሐል አዲስ አበባ ዘልቀን በቴዎድሮስ አደባባይ ስናልፍ ደግሞ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ቆሞ እናገኘዋለን። እኛ ጧት ጧት ልብ ሳንለው የምናልፈውን የብረት ሥራ ወደ አገሩ ለማስገባት አንድ ንጉሥ መንግሥቱንና ሕይወቱን እንደ ከፈለበት የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

ስለዚሁ ንጉሥ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከፊሎቻችን የእንግሊዝ ጦር የመጣው ኢትዮጵያን ለመያዝ አስቦ ነው ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው በቁጣቸው የጠሩት መቅሠፍት ነው አልን። ነገሩን ከመነሻው ስንከታተለው ግን ሁለቱም መልስ እንደማያጠግብ ተረዳን። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ከሁሉ የበረታችው እንግሊዝ አንድ ቀን ተነሥታ ወደ ሐበሻ ልዝመት አላለችም። ከቸልታ ወደ ልመና፣ ከልመና ወደ ዛቻ፣ ከዛቻ ወደ ዘመቻ እያለች በአምስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ገባችበት። እንግዲህ የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት በዚህ መንገድ ለጓደኞቻችን ልንተርክ አሰብን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ጎንደር ላይ ስሙ ብቻ የቀረ ንጉሥ ተቀምጦ፣ ኃይሉና ግብሩ ግን በየአውራጃው መኳንንት እጅ ነበር። ካሣ አባቱን በልጅነቱ አጣ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብም ችግር ላይ ወደቁ። ጠላቶቹ ኋላ እናቱ ኮሶ ሻጭ ነበሩ እያሉ ይሰድቡት ነበር፤ ይህም ስድብ ከልቡ አልወጣም። ልጁ በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ፊደል ቆጠረ፤ ገዳሙ በወራሪ በተመታ ጊዜም ከሞት ካመለጡት አንዱ ሆነ። ካደገም በኋላ በቋራ በረሃ ሸፈተ። ስሙ እየገነነ ቢሄድ ጊዜ የየጁው ራስ ዓሊ በጋብቻ ሊይዙት አስበው ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ፍቅር ሆነ እንጂ ካሣን አላሰረውም።

ለዚህ ታሪክ ቁልፉ ግን ከዘውዱ በፊት የደረሰ አንድ ሽንፈት ነው። በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ካሣ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብጽ ጦር ጋራ ገጠመ። ሰዎቹ ጀግኖች ነበሩ፤ ግብጾቹ ግን መድፍና የሠለጠነ ሥርዓት ነበራቸውና ካሣ ተመታ። ጀግንነት ብቻውን ከመድፍ ፊት እንደማይቆም በዚያ ቀን ተማረ። ከዚያ ወዲህ ያደረገውን ብዙ ነገር የምንረዳው ይህን ትምህርት ስናስታውስ ነው።

ካሣ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ራስ ዓሊን በአይሻል፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አደረገ። ወዲያውም በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ እንደ ጫኑ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ የሸዋውንም ልጅ ምኒልክን ይዘው ሄዱ። ተበትኖ የነበረው አገር ከብዙ ዘመን በኋላ በአንድ እጅ ሥር የገባ መሰለ።

ሐሳባቸው ከዘመናቸው ቀድሞ የሄደ ነበር። ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ ከሚኖር ደመወዝ እንዲቈረጥለት፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፣ መኳንንቱ ከማዕከል እንዲታዘዙ ፈለጉ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፣ የተረፈው መሬት ግብር ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ በማለታቸው ግን ከካህናቱ ጋራ ተጣሉ። መሬቱን የነኩት ንጉሥ የሕዝቡን ልብ በያዘው ክፍል ዘንድ ጠላት ሆኑ። ከዚህም ጋራ ዓመፅ በየአውራጃው ተነሣ፤ ንጉሡም ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ሲሮጡ ኖሩ። በ1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች ሞቱ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በዓመፀኞች እጅ ተገደለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ወዳጃቸው ጆን ቤል ንጉሡን ሲከላከል በጦር ሜዳ ወደቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደማቸውን ክፉኛ ተበቀሉ። ከዚህ በኋላ አጠገባቸው ሆኖ ቁጣቸውን የሚያበርድ ሰው እየጠፋ ሄደ።

የኤውሮፓን ጥበብ ለማግኘት የነበራቸው ምኞት ግን አልበረደም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የወንጌል መልእክተኞች ሆነው የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። እነዚያ ሰዎች መጽሐፍ ሊያስተምሩ እንጂ መድፍ ሊሠሩ አልመጡም ነበር፤ ቢሆንም እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸውም እንደገና እየጀመሩ ሠሩ። ከጊዜ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ስሙ የተወሰደው እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋራ አብረው መስኮብን በክሪሚያ ከወጉበት ታላቅ ከበባ ነው። ይህ ስም ራሱ ነገር አለበት፤ ንጉሡ የክርስቲያን ነገሥታት በቱርክ ላይ ይረዱኛል ብለው ሲያስቡ፣ እንግሊዝ ደሟን ያፈሰሰችው ለቱርክ መንግሥት ነበርና።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። አዲሱ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥቲቱ ዘንድ ሁለት ሽጉጦች በስጦታ ይዞላቸው መጥቶ ነበርና ጊዜው መልካም መሰላቸው። በደብዳቤው ወዳጅነትን ጠየቁ፣ ስለ ቱርኮች በደል ገለጹ፣ መልእክተኞች ለመላክ መንገድ እንዲከፈትላቸው ለመኑ። የፈለጉት በመጨረሻው አንድ ነገር ነበር፤ ባለሙያ ሰው።

ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። በዚያም ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ መልስ ሳያገኝ ከመዝገብ ውስጥ ተቀመጠ። ክፉ ሐሳብ ኖሯቸው አይመስለንም፤ ከዚያ የከፋው፣ ምንም ሐሳብ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ ለእነርሱ ሩቅ ነበረች፤ ቱርክና ግብጽ ግን ቅርብ ነበሩ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥጥ የጠፋበት ዘመን ስለ ነበረ የግብጽ ጥጥ ከማይታወቅ ክርስቲያን ንጉሥ ወዳጅነት ይበልጥባቸው ነበር። ስለሆነም ጉዳዩ ቆየ። አንድ ጸሐፊ በግማሽ ቀን ሊጽፈው የሚችለው የትሕትና መልስ ሳይጻፍ ቀረ።

ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ዓመት ጠበቁ። በዚህ መካከል ካሜሮን ጠላቶቻቸው ባሉበት በሱዳን ጠረፍ ሄዶ ተመለሰ፤ የንግሥቲቱን መልስ ግን አልያዘም። ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊም በጻፈው መጽሐፍ የእናታቸውን የኮሶ ነገር አንሥቶ ነበርና ንጉሡ ይህን ሲሰሙ የልጅነት ቁስላቸው ተነካ። በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩት፤ ስተርንና ሌሎችም ታሰሩ። ንጉሡ ሌላ መንገድ አልታያቸውም፤ በመልካም ቃል ያልተሰማ ሰው በሰንሰለት ይሰማል ብለው አሰቡ። እዚህ ላይ እኛ አንሸፋፍንም፤ በደሉ እውነት ነው፤ የተላከ ሰው ማሰር ግን በአገራችን ሥርዓትም ቢሆን ነውር ነበር።

አሁን ለንደን ነቃች። የነቃችው ግን ደብዳቤውን ለመመለስ ሳይሆን ቆንስሏን ለማስፈታት ነው። በ1856 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ራሳም የተባለ፣ ተወልዶ ያደገው ሞሱል የሆነ የዓደን ሹም፣ የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ ምጽዋ ገባ። ንጉሡ ግባ እስኪሉት ከአንድ ዓመት በላይ በዚያ ሙቀት ተቀመጠ። በመጨረሻ በጥር 1858 ዓ.ም. ከሐኪሙ ብላንክና ከመኮንኑ ፕሪዶ ጋራ ከንጉሡ ፊት ደረሰ፤ በክብርም ተቀበሉት። እስረኞቹ ተፈቱ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ነገር ግን ንጉሡ እስረኞቹን ከለቀቁ በኋላ በእጃቸው የሚቀር ምንም ነገር እንደሌለ አሰቡ። ሊሄዱ ሲነሡም መልሰው ያዟቸው፤ ሊያስፈታ የመጣውም ራሳም ራሱ እስረኛ ሆነ። በሐምሌ 1858 ዓ.ም. ሁሉም ወደ መቅደላ አምባ ተወሰዱ።

በዚህ ጊዜ ጦርነቱን ማስቀረት ይቻል ነበር። ንጉሡ ሚሲዮናዊው ፍላድን፣ ሚስቱንና ልጆቹን በዋስነት አስቀርተው፣ ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። የእንግሊዝም መንግሥት በእርግጥ ባለሙያዎችን ቀጥሮ፣ መሣሪያም ገዝቶ እስከ ምጽዋ አደረሰ። ንጉሡ ዕድሜ ልካቸውን የለመኑት ነገር በገዛ ባሕራቸው ዳር መጥቶ ቆመ። እንግሊዞቹ እስረኞቹን መጀመሪያ ልቀቁ አሉ፤ ንጉሡ ባለሙያዎቹን መጀመሪያ ላኩ አሉ። አንዱ ሌላውን ስላላመነ ባለሙያዎቹ ወደ መጡበት ተመለሱ። እኛ ይህን ታሪክ ባነበብን ቍጥር የሚቆጨን ከመቅደላው ቀን ይልቅ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የታላቅ መንግሥት ክብር የሚባለው ነገር መጣ። በመጀመሪያ የእንግሊዝ ችግር አንድ ቆንስል ነበር፤ ቀጥሎ መልእክተኞቿ ተጨመሩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚመለከተው የሕንድና የምሥራቅ አገር ሕዝብ ምን ይለናል የሚለው ፍርሃት ተጨመረ። ጋዜጦች ጻፉ፤ የእስረኞቹ ዘመዶች ጮኹ። ያለፈው ሙከራ ሁሉ ባለመሳካቱ ከዚያ የሚበልጥ ሙከራ ግዴታ ሆኖ ታየ። በነሐሴ 1859 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹ ጦር እንዲዘምት ወሰኑ፤ በኅዳር 1860 ዓ.ም. ፓርላማው ተጠርቶ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ፤ የገቢ ግብርም ጨመረ። ጦሩ ግን በዚያን ጊዜ ዙላ ባሕር ዳር መውረድ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ምክር ቤቱ የተጠየቀው እንግዲህ ጦርነት ይሁን አይሁን ብሎ እንዲመክር ሳይሆን የተጀመረውን እንዲከፍል ነው።

የጦሩ አዛዥ የቦምባይ ጦር አለቃ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ነበር። 13,000 ያህል ወታደሮች፣ አብዛኞቹ ሕንዶች፣ ከእነርሱም እጥፍ የሚሆን ጓዝ ተሸካሚና ሠራተኛ፣ ከ40,000 የሚበልጡ እንስሳት፣ ከባድ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች መጡ። ዙላ ላይ ወደብ ተሠራ፣ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ ለአገሬው ነጋዴ የሚከፈል ማርያ ትሬዛ ብር በብዛት ተጫነ። ይህ ሁሉ 60 ያህል ሰዎችን ለማስፈታት ነበር፤ ከእነርሱም የሚበዙት የሌላ አገር ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ወጪውም ከተፈቀደው አልፎ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። በዚህ ገንዘብ ለጋፋት ስንት ባለሙያ ይቀጠር እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ያስላው።

ከባሕር እስከ መቅደላ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ገደልና አቀበት የበዛበት። ናፒየር በዚህ ሁሉ መንገድ ውጊያ ሳያገኘው አለፈ። ጠቤ ከንጉሡ ጋራ ብቻ ነው፣ እስረኞቹን ይዤ እመለሳለሁ ብሎ አወጀ፤ የበላውንም ከፈለ። የትግሬው ደጃዝማች ካሣ ምርጫ በየካቲት 1860 ዓ.ም. አግኝተውት መንገዱን ለቀቁለት፤ ሲመለስም መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የላስታው ዋግሹም ጎበዜም ጦሩን አልነኩትም። ሸዋም በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ባመለጡት በምኒልክ እጅ ነበረች። እንግሊዝን መቅደላ ያደረሳት ዝሆኗ ብቻ አይደለም፤ የእኛም መከፋፈል ነው። ንጉሡ አንድ ያደረጓት አገር በንጉሡ ላይ አንድ ሆና ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ወቅት የራሳቸውን ጉዞ ያደርጉ ነበር። ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. ዘርፈው አቃጥለው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው፣ የቀራቸውን ሰው ይዘው፣ ሴባስቶፖልን በሠረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ቋጥኝ እየፈለጡ፣ ገደል እየደለደሉ፣ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ሠሩ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በሰሜን በኩል የእንግሊዝ ዝሆኖች፣ በምዕራብ በኩል የቴዎድሮስ መድፍ፣ ሁለቱም ወደ አንድ አምባ ይሳቡ ነበር።

በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ የንጉሡ ጦር ከፋላ ቁልቁል ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርሰውን አዲሱን ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ አባቶቻችን ኋላ ሰናድር ያሉት እርሱ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ ከፊት ሆነው ሲመሩ ወደቁ፤ ከእርሳቸው ጋራ 700 ያህል ሰው ሞተ። ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሴባስቶፖል የተባለው ያ ታላቅ መድፍ በዚህ ቀን ለውጊያ አልጠቀመም። ከደባርቂ ሃያ ዓመት በኋላ፣ የሃያ ዓመት ልፋት ሁሉ ተደርጎ፣ ትምህርቱ ያው ሆነ።

ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ። በፋሲካ ዕለትም 1,000 ላሞችና 500 በጎች ለናፒየር ሰደዱ፤ በአገራችን ልማድ ስጦታን መቀበል ዕርቅን መቀበል ነውና። መጀመሪያ ስጦታው ተቀባይነት ያገኘ መሰላቸው፤ በዚያም ተጽናንተው የቀሩትን ኤውሮፓውያን ሁሉ ላኩ። ኋላ ግን ላሞቹ እንዳልገቡ ሰሙ። ናፒየር የሚፈልገው እጃቸውን እንዲሰጡ ነበር። እስረኞቹ በእጁ ገብተዋል፤ የመጣበት ምክንያት አልቋል፤ ጦርነቱ ግን አላለቀም።

በሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ አምባው ተመታ። ዐፄ ቴዎድሮስ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች አሰናብተው፣ ጠላት በሩን አልፎ ሲመጣ ሽጉጣቸውን በአፋቸው ጎርሰው ተኮሱ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው የወዳጅነት ስጦታ ነበር።

እንግሊዞች አምባውን አቃጠሉ፤ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተዘረፈውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሻሻጡት። እቴጌ ጥሩ ወርቅ በመንገድ ሞቱ፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ ዓለማየሁ ባሕር ተሻግሮ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በእንግሊዝ አረፈ፤ በዊንድሰርም ተቀበረ። ናፒየር የመቅደላ ሎርድ ተባለ። ጦሩ ከሰኔ በኋላ በአገራችን አልቀረም፤ መሬት አልያዘም። ከንጉሡ ራስ የተቈረጠው ጠጉር ከ151 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለአገሩ ተመለሰ።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። እንግሊዝ መሬት ለመያዝ አለመምጣቷን መመለሷ ይመሰክራል። ንጉሡም ከመሠረቱ ጦርነት እንዳልፈለጉ ደብዳቤያቸው ይመሰክራል። የማይፈልጉትን ጦርነት ሁለቱም ያመጡት፣ እያንዳንዱ እርምጃ ከፊቱ ያለውን እርምጃ ለማሳፈር አይሆንም እያለ ስለ ተወሰደ ነው። ታላቁ መንግሥት ክብሬ ይነካል እያለ ገባ፤ ታናሹም እንዲሁ። ልዩነቱ ታላቁ ስሕተቱን በገንዘብ መክፈል መቻሉ፣ ታናሹ ግን በሕይወቱና በልጁ መክፈሉ ነው።

ስለ ንጉሡም ተስማምተናል ለማለት አንደፍርም። ያቃጠሏትን ጎንደርን የሚያስታውስ ጓደኛችን አሁንም ይከራከራል፤ ልክ ነው፤ ገደል የተጣሉት እስረኞችም ሰዎች ነበሩ። አንድ ነገር ግን ሁላችንም ተቀብለናል። ንጉሡ የፈለጉት ጥበብ በሰንሰለት የሚያዝ አልነበረም። ባለሙያን ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ በግድ ማስቀመጥም ለጊዜው ይቻላል፤ ጥበቡ አገር የሚገባው ግን የአገር ልጅ ተምሮ ሲይዘው ነው። ነገ ጧት አውቶቡስ ስንጠብቅ የምንሰማው የብረት ድምፅ የእኛው ጎረቤቶች የሚሠሩት ነው። መሥሪያ ቤት ገብተን ከጠረጴዛችን ላይ የሩቅ ሰው ደብዳቤ ባገኘን ጊዜም፣ ወደ መዝገብ ቤት ከመስደዳችን በፊት መቅደላን እናስታውስ።